ዐሥር ቀን በጀጎል፦ የሪቻርድ በርተን የሐረር መጽሐፍ ሲመዘን

ስለ ሐረር የውጭ ሰዎች ከጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ የሪቻርድ በርተንን ያህል ስሙ የሚነሣ የለም፤ ስሙ የሚነሣውን ያህል ግን አይነበብም። ጀጎልን፣ የሐረርን ቅጥር ከተማ፣ የሚያስጎበኝ ወጣት ገና በሩን እንዳለፈ ይጠራዋል፤ ስለ ከተማዋ የሚጽፍ የባሕር ማዶ ጋዜጠኛም በመግቢያው ላይ ያስቀምጠዋል። የሚባለውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ፈረንጅ እንዳይረግጣት በተከለከለች ከተማ ዐረብ መስሎ ሾልኮ የገባ የመጀመሪያው አውሮፓዊ። መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን የዚህን ወሬ ግማሽ ደራሲው ራሱ ሲያፈርሰው ያገኛል። በርተን ከዘይላ ወደብ ሲነሣ የዐረብ ነጋዴ ልብስና ስም ይዞ ነበር፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ያገኘው ሁሉ ከመልኩ ቅላት የተነሣ «ቱርክ» እያለ ስለ ጠረጠረው፣ ባልሆነው ነገር ተጠርጥሮ ከመሞት የሆነውን ተናግሮ መግባት ይሻላል ብሎ ቆረጠ። ሐረር በር ላይ የቆመው እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ ነው። በእጁ የነበረውም በኤደን በተቀመጠው የእንግሊዝ ወኪል ስም ራሱ የጻፈው ደብዳቤ ነበር። መጽሐፉ ከዝናው ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ ስለዚህም ከዝናው ተለይቶ ሊመዘን ይገባል።

ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመጀመሪያ እርምጃዎች በምሥራቅ አፍሪካ፤ ወይም የሐረር አሰሳ» የሚል ይሆናል። የታተመው ለንደን ውስጥ በ1856 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ደራሲው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንን፣ የቋንቋ ሰው፣ በ1853 ደግሞ ሙስሊም ተጓዥ መስሎ መካ ገብቶ የወጣ ደፋር ነበር። ኦክቶበር 29 ቀን 1854 ከኤደን በመርከብ ተነሥቶ ዘይላ ወረደ። እዚያ ወር ያህል ከርሞ ኖቬምበር 27 ወደ ደጋው አቀና። ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ፤ ጃንዋሪ 13 ወጣ። ባልደረቦቹ ስፔክ፣ ኸርንና ስትሮያን በዚያው ጊዜ በሌላ አቅጣጫ ተሰማርተው ነበር። በኋላ በርበራ ላይ ተገናኝተው ለሁለተኛ ጉዞ ሲዘጋጁ፣ በኤፕሪል 1855 ሌሊት ሰፈራቸው ተወረረ። ስትሮያን ተገደለ፣ ስፔክ ብዙ ቦታ ቆሰለ፣ በርተንንም ጦር በአንድ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ወጣበት። የጉንጩ ጠባሳ ከዚያ በኋላ በተነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ይታያል።

መጽሐፉ ዐሥር ምዕራፎች አሉት፤ ሐረር የምትመጣው በስምንተኛው ነው። ይህ የአወቃቀር ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። አንባቢው ርእሱ ላይ «የሐረር አሰሳ» የሚለውን አይቶ ሲገባ ከኤደን መነሣት፣ የዘይላን ኑሮ፣ በዘይላ ዙሪያ የተደረጉ ሽርሽሮችን፣ ስለ ሶማሌ ሕዝብ አመጣጥና ጠባይ የተጻፈ ረጅም ሐተታን፣ ከዚያም ሦስት የመንገድ ምዕራፎችን ማለፍ አለበት። በትረካ ጥበብ ዐይን ሲታይ መዘግየቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከተማዋ በሩቅ እየተወራላት፣ በመንገደኛው አፍ እየተፈራች፣ አንዱ «ይገድሉሃል» ሲል ሌላው «አይገድሉህም፣ ግን አትወጣም» እያለ ስለምትቀርብ፣ ቅጥሩ ከሩቅ ብቅ በሚልበት ገጽ ላይ አንባቢው ልቡ ይመታል። የጉዞ ጽሑፍ መዳረሻን በመናፈቅ የሚጎላ መሆኑን በርተን አሳምሮ ያውቃል። ዋጋው ግን የሚታወቀው ስምንተኛው ምዕራፍ ሲደረስ ነው፤ በሰባት ምዕራፍ የተካበ ጉጉት ያን ያህል ሸክም የሚችል ምዕራፍ አይጠብቀውም።

መጀመሪያ ምስጋናውን እናድርስ። የመንገዱ ክፍል ድንቅ ነው። ዘይላ ላይ በገዢው በሐጂ ሸርማርኬ ቤት እንግድነት የተቀመጠው በርተን ጠዋት ማን እንደሚመጣ፣ ቡና እንዴት እንደሚቀርብ፣ ሰዎች እንዴት ተቀምጠው ወሬ እንደሚያስኬዱ፣ በመስጊድ ደጃፍ ማን ማንን እንደሚንቅ በትዕግሥት ይጽፋል። እዚህ ላይ ጊዜ ነበረው፤ የጊዜው ጥቅም በየአረፍተ ነገሩ ይታያል። አጃቢዎቹም ከገጽ ላይ ተነሥተው የሚራመዱ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ሐማል የሚባለው ወፍራሙና ተንኮለኛው የኤደን ፖሊስ፣ ጉሌድ የሚባለው ረጅሙና ቀጭኑ፣ እንዲሁም ሊቅ ነኝ ባዩ፣ ፈሪውና ሆዳሙ ሼኽ አብዲ አቦክር በየራሳቸው አነጋገር ይለያሉ። በርተን ሼኹን «የዘመን ፍጻሜ» ብሎ ሰይሞታል፤ በመጨረሻው ዘመን ሊቃውንት ይበላሻሉ ከሚለው ትንቢት የተወሰደ ስላቅ መሆኑ ነው። ምግብ የሚያበስሉትን፣ ግመል የሚጭኑትን፣ ድንኳን የሚተክሉትንና የሚያነሡትን ሁለት ሴቶች ደግሞ ከሺህ አንድ ሌሊት ታሪኮች ወስዶ ሸህረዛድና ዲናርዛድ ብሏቸዋል። ስያሜው ያሾፋል፤ ይሁን እንጂ ሥራቸውን አይደብቅም። ካራቫኑ በማን ጉልበት እንደ ቆመ ከወንዶቹ ወሬ ይልቅ ስለ እነርሱ በጻፋቸው አጫጭር አንቀጾች ይገባናል።

ከመንገዱ ትዕይንቶች ሁሉ የሚበልጠው ግን መምጫው ሳይሆን መመለሻው ነው። በርተን ከሐረር ወጥቶ ወደ በርበራ ሲጋልብ ውኃ ያልቅበታል፤ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ጠብታ ሳይቀምሱ በረሓ ላይ ይዋትታሉ። አሳቡ ሁሉ ውኃ፣ ቅዠቱ ሁሉ ምንጭ ሆኖ፣ ተስፋ ሲቆርጡ አንዲት የቆቅ ዘር የሆነች የበረሓ ወፍ ወደ ማምሻው ላይ ወደ ኮረብታ ስትበር ያያል። ይህች ወፍ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ውኃ ሳትጠጣ እንደማትውል ያውቃልና ይከተላታል፤ ምንጩ እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንዲህ ያለች ወፍ ላይ ጠመንጃ አላነሣሁም ይለናል። ትዕይንቱ የሚይዘን ስለ ጀግንነቱ አይደለም። የተፈጥሮ ዕውቀት፣ የሰውነት ድካምና ዕድል በጥቂት አረፍተ ነገር ሲገናኙ ያለ አንዳች ጌጥ በመጻፋቸው ነው። በርተን ሲደክም ይሻለዋል፤ ሲያርፍ ሐተታ ያበዛል።

ወደ ሐረር እንግባ። በሩ ላይ ያስጠብቁታል። ዘበኞቹ መሣሪያህን አስረክብ ይሉታል፤ እምቢ ይላል። ከዚያ ወደ አሚሩ ግቢ ያደርሱታል። ግቢው አንድ ደርብ ብቻ ያለው የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው፤ አጠገቡ እስር ቤት አለ፤ የእግረ ሙቅ ኳኳታ ይሰማል። ጫማህን አውልቅ ተብሎ ያወልቃል። አዳራሹ ውስጥ ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፤ ዝገት የበላቸው ጠመንጃዎችና የሚያብለጨልጩ የእግር ብረቶች ተሰቅለውበታል። አሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር በዚያን ጊዜ ገና የሃያዎቹ አጋማሽ ወጣት ናቸው፤ ቀጭን፣ ብጫ መልክ ያላቸው፣ ጢማቸው የሳሳ፣ ዳሩ በነጭ ጠጉር የተከፈፈ ቀይ ካባ የለበሱ። እጃቸውን ይዘረጋሉ። ሁለት አጋፋሪዎች በርተንን በክንዱ ይዘው ወደ አሚሩ እጅ ያጎነብሱታል፤ እሱ ግን አይስምም። የማይስምበትን ምክንያት ሲነግረን ደግሞ የሴት እጅ ካልሆነ በቀር መሳም አልወድም ብሎ ያላግጣል። ፍርሃቱን በቀልድ እንደሸፈነው ይታወቃል፤ ትዕይንቱ ከዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ይነበባል። አሚሩ ፈገግ ሲሉ የተሰማውን እፎይታ በግልጽ ይጽፋል። ወዲያው ማረፊያ ከተሰጠው በኋላ ከግቢው ወጥ ቤት ምግብ ይመጣለታል፦ በጎምዛዛ ወተት የራሰ የማሽላ ቂጣ፣ ላዩ ላይ ቀይ በርበሬ በብዛት የተነሰነሰበት። ከመጽሐፉ ሁሉ ከሐረር ሰው ሕይወት ጋር በምላስ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ ከመላው የዙፋን ትዕይንት ይልቅ የሚታመነው ይህ ሳሕን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ግን ወደ ዝርዝር ይለወጣሉ። ከተማዋ ርዝመቷ አንድ ማይል ያህል፣ ስፋቷ የዚያ ግማሽ፤ ቅጥሯ መድፍ የማያውቅ፤ በሮቿ አምስት። የበሮቹን ስም በሐረሪ አጠራራቸው መመዝገቡ የሚያስመሰግነው ነው። ጃሚዕ መስጊድ ሁለት ነጭ ሚናሮች ያሉት፣ እሱ ግን ጎተራ ያስመሰለው። መንገዶቿ ጠባብ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ የጥራጊ ክምር የሞላባቸው፣ ውሻ የተኛባቸው። ቤቶቿ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ በአንድ ሳንቃ የተሠራ በር፣ ከፍ ብሎ የተበሳ መስኮት፣ በማሽላ አገዳ የታጠረ ግቢ። ወንዶቿን ያጣጥላል፤ ሴቶቿን በመልካቸው ያደንቃል፤ ጠጉራቸውን መሐል ለመሐል ከፍለው ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ድብልብል እንደሚያስሩትና በመረብ እንደሚሸፍኑት በትክክል ይጽፋል። ዛሬም በሰርግ ቀን የሐረሪ ሴቶችን ጠጉር ያየ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር ያረጋግጥለታል። የዐይን ምስክርነቱ ጠንካራ ነው። ችግሩ ዐይኑ የቆመበት ቦታ ነው፦ ከመንገድ ላይ፣ ከግቢ ውጭ፣ ከግድግዳው በዚህ በኩል።

ጀጎልን የሚያውቅ ሰው የዚህን ጉድለት ክብደት ወዲያው ይረዳል። የሐረሪ ቤት ለመንገደኛ ምንም አይናገርም፤ ከውጭ የሚታየው ድንጋይና ጭቃ፣ ደፋ ያለ በርና ጭር ያለ ግድግዳ ነው። ቤቱ የሚናገረው ውስጥ ነው። ከደጃፉ ዘልቆ ጫማውን ያወለቀ እንግዳ ከፊቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ ከፍ ያሉ መደቦችን ያገኛል፤ ነደባ ይባላሉ። አንዱ የአባወራው ነው፣ ሌላው የእንግዳው፣ ሌላው በዕድሜ የበሰለው ሰው የሚቀመጥበት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ሽማግሌዎች ቀለሙን በጨለንቆ ጦርነት በ1887 ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዙታል። ግድግዳው ላይ በእናትና በአያት እጅ የተሰፋ ስፌት ከላይ እስከ ታች ይሰቀላል፤ በግድግዳው ውስጥ በተፈለፈሉ መስኮቶች ቁርኣንና ዕቃ ይቀመጣል። ከዋናው ክፍል ጎን ሙሽሮች የሚከትሙባት ጠባቧ ኪርታት አለች። የከተማዋ ሥርዓተ ማኅበር፣ የክብር ተዋረድ፣ የሴቶች ጥበብ፣ የጋብቻ ወግ ሁሉ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነው። በርተን ከዚህ የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሀብታሞቹ ለሴቶች የተለየ ክፍል እንዳላቸው ሰምቶ ያልፋል። በጥርጣሬ የሚጠበቅ እንግዳ እንዴት ሊገባ ይችል ነበር? የሚል መከላከያ ይነሣ ይሆናል፤ ተገቢ ነው። የሚወቀሰው ባለመግባቱ አይደለም። ያልገባበትን እንደ ባዶ መቁጠሩ፣ ከመንገድ ያየውን ድህነት የከተማዋ ሁለንተና አድርጎ መፈረጁ ነው። ልባም ተራኪ «እስከዚህ ነው የደረስኩት» ይላል፤ በርተን ይህን በመንገዱ ላይ ደጋግሞ ብሏል፣ በከተማዋ ላይ ግን ዘንግቶታል።

«የተከለከለች ከተማ» የሚለውም ሐሳብ መመርመር አለበት። በርተን በመግቢያው ሐረርን ከቲምቡክቱ ጋር ያነጻጽራል፤ የመጀመሪያው ክርስቲያን በገባ ጊዜ ከተማዋ ትወድቃለች የሚል ትንቢት አለ ብሎም ይነግረናል። የትረካ ሞተር ነው፤ ጥሩ ይሠራል። ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ ሲነበብ ሐረር የማትዘጋ ገበያ ሆና ትታያለች። የሶማሌ ቅፍለት ይገባል፣ ኦሮሞው ገበሬ ቡናና እህል ይዞ ይገባል፣ አርጎባው ይገባል፣ ዐረቡ ይነግዳል፣ ከሸዋ በኩል የሚመጣው ይመጣል። በሩ የተዘጋው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ያም ያለ ምክንያት አልነበረም። እንግሊዞች ኤደንን ከያዙ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። በርተንም በመጽሐፉ ውስጥ በርበራን አገሩ እንድትይዝ ሳይሸሽግ ይመክራል። አሚሩ የፈሩት ትንቢት ብቻ ነው ማለት አሚሩን ማሳነስ ነው፤ ስለ ባሕር ጠረፉ ወሬ የሚደርሳቸው ገዢ ነበሩ። የሚገርመው፣ ለዚህ ዐይነት ንባብ ማስረጃውን የሚያቀብለን ደራሲው ራሱ መሆኑ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ያስገባው የመኮንኑ የባርከር ማስታወሻ ከአንኮበር ተነሥቶ ሐረር ለመድረስ የተደረገ፣ ያልተሳካ ሙከራን ይተርካል። በሸዋና በሐረር መካከል ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ መንገዱ ለማን እንደሚከፈት የሚያሳይ ጠቃሚ ሰነድ ነው፤ በርተን ግን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ከኋላ ጭኖት አለፈ።

ስለ ቃናው ዝም ማለት አይቻልም። በርተን ሰዎችን በዘር ደረጃ ይመድባል፤ የራስ ቅልን፣ የከንፈርን ውፍረት፣ የቆዳን ቀለም የጠባይ ማስረጃ ያደርጋል። ስለ ሶማሌው የሚጽፈው ሐተታ በአንድ ገጽ ቅኔያቸውንና የአንደበታቸውን ርቱዕነት ሲያደንቅ በሚቀጥለው ገጽ እንደ ሕፃን ይቆጥራቸዋል። ስለ ሐረሪ ወንዶች የጻፈው ደግሞ ከስድብ ብዙም አይርቅም። «የዘመኑ ሰው ነው» የሚለው ማስተባበያ በግማሽ ብቻ ይሠራል፤ በዚያው ዘመን በዚያው መንገድ ካለፉ አውሮፓውያን ውስጥ አንደበታቸው የተቆጠበ ነበሩና። ደግሞም ንቀቱ ሥነ ምግባር ብቻ የሚመለከተው አይደለም፤ የእጅ ሥራውንም ይጎዳል። በርተን ሲንቅ ማየት ያቆማል። ሰውየው የት ተወለደ፣ ምን ይሠራል፣ ለምን ተቆጣ የሚለው ጥያቄ ይቀርና «እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው» የሚል የጅምላ ፍርድ ይመጣል። ሸህረዛድን አንድ ሰው አድርጎ የሳለ ብዕር የሐረርን ወንዶች በሙሉ በአንድ አንቀጽ ሲዘጋቸው የሥነ ጽሑፍ ውድቀት ነው።

ይህም ሆኖ ሐረርን ከልቡ የሚያከብርባቸው ገጾች አሉ፤ ከዝናው ጋር አብረው ባለመታወሳቸው ያሳዝናሉ። እጅ የሠራውን ነገር ሲያይ በርተን ሌላ ሰው ይሆናል። የሐረርን የእጅ ሸማ ገጽታና ጥንካሬ ከአውሮፓ ፋብሪካ ጨርቅ አስበልጦ ያመሰግነዋል። የመጽሐፍ ድጉሳቸውን ከምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የለም እስከ ማለት ይደርሳል። ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም፤ በሕንድ፣ በግብፅና በዐረብ አገር የእጅ ጽሑፍ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው የተናገረው። ዛሬ በጀጎል ሙዚየሞች ውስጥ ያሉትን የቁርኣን ድጉሶች፣ የቆዳቸውን ማኅተምና የሽፋናቸውን እጥፋት በቅርብ ያየ ሰው የበርተን ዐይን አለመሳሳቱን ይመሰክራል። ስለ ቡናም እንዲሁ፤ ከደጋው ተለቅሞ በቅፍለት ወደ በርበራ እንዴት እንደሚወርድ፣ ቀረጥ የት እንደሚከፈል፣ ገለባው ለምን እንደሚሸጥ በነጋዴ ጥንቃቄ ይዘረዝራል። የከተማዋ ዑለማ ጠዋት ጫት እየቃሙ ኪታብ ሲያገላብጡ፣ ከዋነኞቹ አንዱ የነበሩት ከቢር ኸሊልም ለእንግዳው መልካም ፊት ሲያሳዩ እናያለን። ኪታብ ያለበት ቤት ውስጥ በርተን ስላቁን ያስቀምጣል።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ ከትረካው ውጭ ነው፤ በኋላ ላይ ከተቀጸሉት አባሪዎች ሦስተኛው። የሐረሪ ቋንቋ፣ ተናጋሪዎቹ ጌይ ሲናን የሚሉት፣ የሰዋስው ንድፍና የቃላት ዝርዝር ነው። ከቅጥሩ ውጭ የማይነገር፣ በጎረቤት ሕዝቦች ቋንቋ የተከበበ አንደበት መሆኑን በርተን ያስተዋለው ገና ሲገባ ነው፤ በዚያ አጭር ቆይታና ከሐረሪ ሰዎች ጋር ከዚያ ውጭ ባደረገው ልምምድ የተውላጠ ስሙን፣ የግሡን እርባታ፣ የቁጥሩን ሥርዓት ሰብስቧል። ስሕተት አለበት፤ አጻጻፉም የእንግሊዝ ጆሮ የሰማው ነው። ሆኖም አማርኛ አንባቢ ዝርዝሩን ሲያገላብጥ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይደነቃል፤ ቋንቋዎቹ የአንድ የኢትዮ ሴማዊ ቤተሰብ ልጆች ናቸውና ሥር የሚጋሩ ቃላት በየገጹ ይገጥሙታል። እዚህ ንቀት የለም። ቃል ሲሰበስብ ሰው መመደብ አይቻልም፤ ያነጋገረህ ሰው አስተማሪህ ነው። በአደባባይ ብዕር ማውጣት በሚያስጠረጥርበት ከተማ ይህን ያህል መሰብሰቡ ከቅጥሩ መግባቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ሥራ ነው።

ስለ አባሪዎቹ ካነሣን፣ የመጽሐፉ ቅርጽ የተጫነበትም በዚህ ነው። የስፔክ የጉዞ ማስታወሻ፣ የአየር ጠባይ መለኪያ፣ የባርከር ሙከራ፤ በላያቸው ላይ ደግሞ ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና መስፋት በላቲን የተጻፈ አባሪ ነበር። አሳታሚው ይህን የመጨረሻውን ቆርጦ አውጥቶታል፤ የሚገኘውም በጥቂት ቅጂዎች ብቻ ነው። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ከዐረብኛ ወደ ግሪክኛ፣ ከግሪክኛ ወደ ፖርቱጋል ዜና መዋዕል እየዘለሉ አንዳንዴ ከገጹ ግማሽ ይወስዳሉ። ግማሾቹ ሊቅነት ናቸው፤ ግማሾቹ ሊቅ መሆንን ማሳየት። ጠንካራ አርታኢ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ከመጽሐፉ ሩቡ ቢወጣም ማንም አይናፍቀውም ነበር።

በርተን ከወጣ በኋላ ስለ ሐረር የተጻፈው የተሻለ የተመዘነ ነው። ግብፆች ከተማዋን በ1875 ከያዙ በኋላ መኮንናቸው ሙሐመድ ሙኽታር የጻፈው ማስታወሻ በከተማዋ ውስጥ ተቀምጦ የለካ ሰው ሥራ ነው። የኦስትርያው ፊሊፕ ፓውሊችኬም በ1885 መጥቶ በ1888 ላይፕዚክ ውስጥ በጀርመንኛ ያሳተመው «ሐረር» የሚል ድርሳን በርተን በአንድ አንቀጽ ያለፈውን በምዕራፍ ያትታል። ሁለቱም ከበርተን ይልቅ ትክክል ናቸው፤ ሁለቱንም እንደ በርተን ለደስታው ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ብርቅ ነው። ትክክለኛነትና ሕያውነት በአንድ መጽሐፍ አለመገናኘታቸው የሐረር ሥነ ጽሑፍ ዕጣ ሳይሆን አይቀርም። በበርተን ላይ የሚሰነዘረውን ወቀሳ የሚያወሳስብ ሌላ ነገርም አለ፦ ጀጎል ውስጥ ጎብኚ የሚጎርፍበት «የራምቦ ቤት» ገጣሚው አርተር ራምቦ ያልኖረበት፣ በኋላ የተሠራ የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው። ከተማዋ ራሷ በፈረንጅ ስም ለመታየት ስትስማማ በርተንን ብቻ መውቀስ አድልዎ ይሆናል። ዩኔስኮ ጀጎልን በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት የጠቀሰው መስጊዶቿን፣ የአውሊያ መቃብሮቿንና የቤቶቿን ውስጣዊ አሠራር ነው፤ ማለትም በርተን ሳያቆም ያለፋቸውን ነገሮች።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። እንደ መንገድ ትረካ ከዘመኑ ምርጦች የሚቆጠር፤ እንደ አሚር አሕመድ ግቢ ምስክርነት የማይተካ፤ ስለ ንግድና ስለ እጅ ሥራ የሚታመን፤ እንደ ከተማ ምስል ግን ግማሽ፣ ያም የውጨኛው ግማሽ። አንባቢ ጊዜ ካነሰው አምስተኛውን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ምዕራፍ፣ ከዚያም ሦስተኛውን አባሪ ቢያነብ ከመጽሐፉ የሚበልጠውን አግኝቷል።

በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚነሣ ተርጓሚ ካለ ሥራው ሙሉውን ከእንግሊዝኛ ማገላበጥ ብቻ አይሁን። የቃላት ዝርዝሩ ጌይ ሲናን አፉን በፈታ ሰው እንደገና ይታረም፤ በርተን በሰማው ፊደል የጻፋቸው የቦታና የሰው ስሞች በከተማዋ ሰው አጠራር ይቅኑ። የባርከርም ማስታወሻ ከአባሪ ወጥቶ ከመግቢያው ቀጥሎ ይግባ፣ አንባቢ በሸዋ በኩል ያለውን መንገድ አስቀድሞ እንዲያውቅ። በስምንተኛው ምዕራፍ ግርጌ ደግሞ በርተን «ድሃ ጎተራ» ብሎ ባለፈው በእያንዳንዱ ሕንፃ ላይ ከሐረር ሽማግሌዎች የተገኘ ማብራሪያ ይጨመርበት። የግርጌ ማስታወሻ እንደሆነ በርተን ራሱ ወደር የሌለው ወዳጁ ነበር፤ ቅር አይለውም።